የዘጠኝ ቮልቱ ቁና

ነሐሴ 26 ቀን 1979 ዓ.ም.

ግዥ ክፍል ዛሬም መለሰኝ። አራተኛ ጊዜ ነው።

የጠየቅሁት አውሮፕላን አይደለም። ከባቄላ ፍሬ የምታንስ፣ ሦስት እግር ያላት ቺፕ ነች። ሥራዋ አንድ ብቻ ነው። ቢሞቅም ቢበርድም፣ የከተማው መብራት ቢወርድም ቢወጣም፣ ሁልጊዜ ያንኑ ሁለት ተኩል ቮልት ትሰጣለች። የግዥው ሹም ወረቀቴን እንደ እርጥብ ጨርቅ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «ጓድ፣ ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ» አለኝ።

«ጎንደር ውስጥ የሚሸጣት አንድ ሱቅ የለም። ሦስት ከየት ላምጣ?»

«እንግዲያው የውጭ ምንዛሪ ነው። የውጭ ምንዛሪ ደግሞ ለጦርነቱ ነው። ለባቄላ አይደለም።»

ጸሐፊዋ ሳቀች። ባቄላ ያልኩት እኔው ነኝ፤ ምሳሌ መስጠቴ ጎዳኝ።

ለማንም ስላልገባ እዚህ ልጻፈው። አብሮኝ ይሠራ የነበረው ጀርመናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወልኝ ሰሌዳ ላይ አንድ ማይክሮኮንትሮለር አለ፤ በአንድ ቺፕ ውስጥ ያለቀ ትንሽ ኮምፒዩተር ማለት ነው። የክትባቱን ፍሪጅ ሙቀት እንዲለካና ስምንት ዲግሪ ካለፈ ደወል እንዲደውል አዘጋጅቼዋለሁ። ግን ኮምፒዩተሩ ቮልት አያውቅም፤ የሚያውቀው ማነጻጸር ብቻ ነው። ፍሪጁ ውስጥ ካለው መለኪያ አንድ ቮልት ይመጣለታል። አንተ ደግሞ የማይለወጥ ሌላ ቮልት በጎን ትሰጠዋለህ። ያኛውን በዚህኛው ይሰፍርና ቁጥር ያወጣል። የማይለወጠው ቮልት ቁና ነው። ቁናው ከሰፋ እህሉ ያነሰ ይመስላል፤ ከጠበበ የበዛ ይመስላል። ኮምፒዩተሩ የዋህ ነው፤ የሰጡትን ቁና አምኖ ይሰፍራል።

የቸገረኝ ቁና ነው። አላምረው ደግሞ ለመስከረም ሁለት በዓል ኤግዚቢሽን ላይ ይቅረብ ብሏል። አላምረው የጤና መሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ነው፤ የፓርቲው መሠረታዊ ድርጅትም ጸሐፊ ነው፤ የሁሉም ነገር ጸሐፊ ነው። «የአገር ውስጥ ፈጠራ» ብሎ ከወዲሁ በቀይ ቀለም አስጽፎታል። ሰሌዳው የጀርመን ነው ስለው «ዝርዝር ውስጥ አንግባ» አለኝ።

ነሐሴ 29

ቁናውን ከራሱ ከአምስት ቮልቱ ኃይል አደረግሁት። የሚቀለው መንገድ ነው። ቀን ላይ ሸጋ ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ፒያሳ ሁሉ ምድጃውን ሲለኩስ መብራቱ ወረደ፤ አምስቱ ቮልት አብሮ ወረደ፤ ቁናው ጠበበ፤ ፍሪጁ ሳይሞቅ «አሥራ ስምንት» አለና ደወለ።

የክትባት ግምጃ ቤቱን የምትጠብቀው ይመኙሽ ነች። ቁስቋም ሰፈር ጎረቤታችን ነች፤ አሥራ አንድ ዓመት በዚያ በር ላይ ተቀምጣለች። ሦስት ማታ በተከታታይ ከራቷ ተነሥታ ሄደች።

«አያ ወልዴ፣ ይኼ ነገርህ ሰካራም ነው እንዴ? በመሸ ቁጥር ይጮኻል።»

«መብራቱ ነው።»

«መብራቱ ከሆነ መብራት ኃይል ሄዶ ይጩህ።»

ዘበኛው ሲስቅ ሰማሁት። ነገ አወጣዋለሁ።

ጳጉሜ 2

ፒያሳ፣ ፎቶግራፍ አንሺው ጋሽ ደመቀ ዘንድ ሄድኩ። የብርሃን መለኪያው ውስጥ የሜርኩሪ ባትሪ አለ፤ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል። ከሱቅ ባትሪ ጋር አንድ አይደለችም። እስክትሞት ድረስ አንድ ነጥብ ሦስት አምስት ቮልት ላይ ችክ ትላለች። ከእሷ ብዙ ኃይል ካልሳብክባት ዓመታት ትቆያለች። ከዚህ የረከሰና የታመነ ቁና በጎንደር አይገኝም። ሁለት እንዳለው አውቃለሁ።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ጉዳዩን አስረዳሁት። ሰማኝ፤ መነጽሩን አወለቀ።

«ባትሪዋን እንነጋገርባታለን። እስከዚያው ይቺን ራዲዮ እያት፤ ከትናንት ጀምሮ ታፏጫለች። ራዲዮ ጠጋኝ አይደለህ?»

ሦስቱም ሳቁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሕክምና መሣሪያ ስጠግን ኖሬአለሁ። ራጅ ነክቻለሁ። የቀዶ ጥገና መብራት ነክቻለሁ። «ራዲዮ ጠጋኝ አይደለሁም» ብዬ ወጣሁ። በሩን የዘጋሁት በኃይል ነው፤ መስተዋቱ አልተሰበረም።

ከጋሪ ወርጄ የቁስቋምን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ቁጣዬ ግን አልወጣልኝም።

ጳጉሜ 4

መሳቢያዬ ውስጥ ከአንድ ወድቆ ከተሰበረ ራዲዮ የተነቀለ ዜነር ዳዮድ አገኘሁ። ዘጠኝ ቮልት ነው። ዜነር እንደ ወፍጮ ቤት የውኃ መፍሰሻ ነው፤ ከልኩ በላይ የመጣውን ያፈሰዋል። በሁለት ሬዚስተር ከፍዬ የምፈልገውን አወጣሁ። መብራቱ ሲወርድ አልነቃነቅም አለ። መለኪያውን በረዶ ውኃ ውስጥ ከትቼ ቁጥሩን ዜሮ ላይ አስተካከልሁት። ዜሮ አለ። ዝናብ ነው፤ ወርክሾፑ ብርድ ነው፤ ጣቴ ደንዝዟል።

መጽሐፉ፣ ከአምስት ተኩል ቮልት በላይ የሆኑ ዜነሮች ሲሞቁ ቮልታቸው ከፍ ይላል ይላል። ትንሽ ነው። በዲግሪ ከሺህ ግማሽ እጅ። ከሺህ ግማሽ ምን ያደርጋል? በዓሉ አራት ቀን ቀረው። ጊዜ ቢኖረኝ አሙቄ አየው ነበር።

መስከረም 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ትናንት አለቀ። ሰልፍ፣ ድምፅ ማጉያ፣ ፀሐይ። እንግዶቹ መሣሪያዬ ፊት ሁለት ደቂቃ ቆሙ። አላምረው በእጁ እየጠቆመ «ኮምፒዩተር» አለ፤ እንግዶቹም «ኮምፒዩተር» አሉ። የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ስሙ ከእኔ በላይ ተጽፏል።

ዛሬ ግምጃ ቤት ገጠምኩት። ሳጥኑን ከፍሪጁ ጀርባ፣ ከኮምፕሬሰሩ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥሁት፤ ሽቦው የሚደርሰው እዚያ ድረስ ብቻ ነው። ቁጥሩ «5» አለ። አሮጌውን የመስተዋት ቴርሞሜትር ከፍሪጁ ውስጥ አወጡት። አላምረው ለጎብኚ አሮጌና አዲስ ጎን ለጎን አያምርም አለ። እኔ ምንም አላልኩም። ራሴን ነቀነቅሁ መሰለኝ።

መስከረም 19

ሰማዩ ተከፍቷል፤ ቀን ቀን ይሞቃል። ይመኙሽ ወርክሾፕ መጣች።

«አያ ወልዴ፣ የፍሪጁ በር ላስቲክ ደርቋል። ወረቀት ሳስገባበት ያልፋል።»

«ቁጥሩ ስንት ይላል?»

«አምስት። አንዳንዴ ስድስት። ግን ሞተሩ ሌት ተቀን አያርፍም። ጠርሙሶቹንም ስነካቸው ብርዳቸው የዱሮው ብርድ አይደለም።»

«እጅሽ ቴርሞሜትር ነው?»

 «ቴርሞሜትሩንማ አስወጣችሁት» አለች።

ሥራ በዝቶብኝ ነበር። አንድ የማምከኛ መሣሪያ ፈርሶ ጠረጴዛዬን ሞልቶታል። ላስቲኩን ሰሞኑን አየዋለሁ አልኳት። ኮምፒዩተር ያለውን ትቼ የሰው መዳፍ ላምን ነው? ስትወጣ «ሸጋ» አለች። በጎንደር ሸጋ ሲባል ደግ ማለት ነው፤ እሷ ግን ደግ አስመስላ አላለችውም።

ጥቅምት 11

ዘመቻ። ማኪናዎች ከንጋት ጀምሮ። ክትባቱ በበረዶ ሳጥን ወደ ደባትና ከዚያ በላይ ወዳሉት ደጋዎች። ዛሪማ አልተላከም፤ መንገዱ ዝግ ነው። የማምከኛው ማሞቂያ ተቃጠለ። መለዋወጫ የለም። ላስቲኩን አላየሁም።

ጥቅምት 23

አላምረው በስብሰባ «ከአንድ ጠርሙስ በላይ ሳይበላሽ ዘመቻው ግቡን መታ፤ ይህም ለፈጠራ ሥራችን ምስክር ነው» አለ። የእኛ ፈጠራ። ሰሌዳው የጀርመን፣ ዜነሩ የራዲዮ። የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን «የእኛ»።

ይመኙሽ ቁጥሯን ጠዋትና ማታ ትጽፋለች። ደብተሯን አየሁት። 5፣ 5፣ 6፣ 5፣ 5። እጇ ያምራል። ምንም እንከን የለውም። ስለ ላስቲኩ ትጠይቀኛለች ብዬ ፈራሁ፤ አልጠየቀችም። መጠየቅ ትታለች።

ህዳር 9

በሩ ላይ አንድ ገበሬ ተቀምጦ ነበር። ሰጠኝ ይባላል፤ ከደባት በላይ ነው የመጣው፤ ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዟል። ዘበኛው ሊያስገባው አልፈለገም። እኔ አስገባሁት። ለምን እንዳስገባሁት አላውቅም፤ ዘበኛውን ለማናደድ ይሆናል።

ከጋቢው ውስጥ የክትባት ካርድ አወጣ፤ ሁለት ካርድ። ማኅተሙ ደምቋል።

«ጌታዬ፣ ምነው እንዲህ ሆነ? ኩፍኝ ቀበሌያችን ገባ። የተወጋውንም ያልተወጋውንም አልለየም። ታላቂቱ ተርፋለች። ታናሹ በመድኃኔ ዓለም ማግስት አለፈ።»

የጥቅምት ሃያ ሰባቱን ማለቱ ነው። 

«እኔ ለክስ አልመጣሁም» አለ። «ሌሎቹ ልጆች ስላሉ ነው። ሰው ይጠይቀኛል። ሐሰት የሆነው ወረቀቱ ነው ወይስ መርፌው? አንዱን ንገሩኝና ልመለስ።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይቀለኝ ነበር። አላምረው ቢሮ አስገባሁት። አላምረው ውኃ አስመጣለት፤ ስሙን ጻፈ፤ «ይጣራል» አለው። ሰውየው ውኃውን ጠጣ፤ ካርዶቹን ጋቢው ውስጥ መልሶ ከተተ፤ ወጣ።

ባለቤቴ እታገኘሁ ማታ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። «ሚስት ባሏን ምን ሆነሃል ሳትል የምታድርበት ቤት የለም?» አልኳት። ወጡን ከፊቴ አነሣችው።

ህዳር 11

ይመኙሽን ወሰዷት።

ሁለት ሰዎች ሲቪል ለብሰው መጡ። ደብተሯን አስቀድመው ወሰዱ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ክትባቱ ተመርምሮ ኃይሉ ደክሟል የሚል ወረቀት ከአዲስ አበባ መጣ። ስለዚህ ሞቋል። ደብተሩ ግን አምስት አምስት ይላል። ስለዚህ ጠባቂዋ ሳታይ ጽፋለች፤ ወይም አይታ ዋሽታለች፤ ወይም ፍሪጁን ሆን ብላ አጥፍታዋለች። ወንድሟ በ1970 ጫካ ገብቷል። ይህን ሲጨምሩበት «አሻጥር» ሆነ።

በኮሪደር የሰማሁት፦ «እንዲህ የተስተካከለ ቁጥር እውነት አይሆንም። ፍጥረት እንኳ እንዲህ አይስተካከልም።» ያለው የሂሳብ ሹሙ ነው። ሊገባው የማይገባው ሰው እውነቱን ተናገረ።

ማን ነው ግን ክትባቱ እኛ ዘንድ ሞቀ ያለው? ከአዲስ አበባ ሲመጣ ጭነቱ መንገድ ላይ ሁለት ቀን ቆሟል ይላሉ። ዓባይ በረሃንም አቋርጧል። ይህን ለምን አይመረምሩም? አስቀድሞ የሞተ ክትባት ይሆናል። ይሆናል።

ቴርሞሜትሩን አውጡት ያለው አላምረው ነው። «አዎ፣ አሁን አያስፈልግም» ያልኩት እኔ ነኝ። ራስ መነቅነቅ ብቻ አልነበረም። ተናግሬአለሁ።

ህዳር 12

እሑድ ነው። ተኝቼ መቆየት አልቻልኩም።

ጠዋት ጋሽ ደመቀ ቤት ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ በረንዳው ላይ ነበር። ሰበብ ሳላበዛ ባትሪዋን ለመንኩት። ገብቶ አመጣት፤ መዳፌ ላይ አስቀመጣት።

«ያኔም ልሰጥህ ነበርኮ» አለኝ። «ተነሥተህ ሄድክ። እኔ ያልኩት ቀልድ ነው፤ አንተ ግን ባለ ማዕረግ ነህ።»



ዘበኛውን አስከፍቼ ግምጃ ቤት ገባሁ። የይመኙሽ ወንበር ላይ ነጠላዋ ተንጠልጥሏል። ኮምፕሬሰሩ ይጮኻል፤ ዓመቱን ሙሉ የማያርፍ ይመስላል። ከበላዩ ያለውን ሳጥኔን ከፈትኩት። ዜነሩን ነካሁት፤ ጣቴን አነሣሁ። እንደ ሻይ ብርጭቆ ይፋጃል።

በቮልት መለኪያዬ መጀመሪያ ባትሪዋን ለካሁ፤ መለኪያዬ ልክ መሆኑን አየሁ። ከዚያ ዜነሩን። ከመቶ ሁለት እጅ ከፍ ብሏል። ከመቶ ሁለት ምንም አይደለም የሚል ሰው ይኖራል፤ ጳጉሜ ላይ እኔም አልኩ። ግን ፍሪጁ ውስጥ ያለው መለኪያ ከበረዶ ተነሥቶ አይቆጥርም፤ ከዚያ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ዲግሪ በታች ካለው ከፍጹሙ ዜሮ ይነሣል። የዚያ ሁሉ ሁለት እጅ ስድስት ዲግሪ ነው።

ቁጥሩ «5» ይላል። የመስተዋት ቴርሞሜትሩን ከመሳቢያዋ አገኘሁት፤ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ከተትኩት። ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ። አሥራ አንድ።

ዛሬ እሑድ ነው፤ በሩን ማንም አልከፈተውም። በዘመቻው ቀን በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ በጥቅምት ፀሐይ ስንት እንደነበረ አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ፍሪጁ በተቸገረ ቁጥር ኮምፕሬሰሩ ይበልጥ ይሠራል፤ ይበልጥ ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል፤ ሳጥኔ ይበልጥ ሲሞቅ ቁናው ይሰፋል፤ ቁናው ሲሰፋ ቁጥሩ ይወርዳል። ችግሩ ሲብስ ቁጥሩ ያጽናናል። ሆን ብሎ የሚያታልል ሰው እንኳ እንዲህ አያቀነባብረውም።

ይመኙሽ ያየችውን ጻፈች። አንድም ቁጥር አልዋሸችም።

ህዳር 17

ለአላምረው ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

«መሣሪያው ሽልማት ያገኘ መሣሪያ ነው» አለ።

«ሽልማቱ ዜነሩን አያቀዘቅዘውም።»

«ወልዴ ስማኝ። መሣሪያው ስህተት ነው ካልክ፣ ሽልማቱ ስህተት ነው ማለትህ ነው። ሽልማቱን የሰጡት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ? በበዓሉ ላይ ነው የሰጡት። የእሷ የሙያ ጥፋት ተብሎ ያልፋል። ሦስት ወር፣ አራት ወር ትታሰራለች። ከዚያ ትዛወራለች። አንተ ግን ቤተሰብ አለህ።»

«እሷስ?»

«እሷ አላገባችም።»

እንደ ሂሳብ ነው የተናገረው። እጄ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማኅተም ይዞ እንደነበረ ያወቅሁት ስወጣ ነው። መልሼ አስቀመጥሁት። ልወረውርበት ነበር ማለት አልችልም፤ አልነበረም ማለትም አልችልም።

ህዳር 20

ሰኞ። የውይይት ክበብ።

በግለ ሂስ ሰዓት የሚሆነውን ማንም ያውቀዋል። ሰው ተነሥቶ ራሱን ይወቅሳል፤ የማይጎዳውን መርጦ ይወቅሳል። የግዥው ሹም «በዚህ ወር ጋዜጣ በየቀኑ አላነበብኩም» አለ። ጸሐፊዋ ሁለት ቀን አርፍጃለሁ አለች። ዘበኛው ፂሜን በሰዓቱ አልላጨሁም አለ፤ ተሳቀ። ሁሉም ጥፋቱን እንደ ሳንቲም ቀድሞ ኪሱ አድርጎ ነው የሚመጣው።

ተነሣሁ። ሁሉንም ተናገርኩ። ዜነሩ ከየት እንደመጣ፣ ሳላሞቅ እንደገጠምኩት፣ የት እንዳስቀመጥኩት፣ ቴርሞሜትሩ አያስፈልግም እንዳልኩ፣ ላስቲኩን ሁለት ወር ሙሉ እንዳላየሁት። ቁጥሩን ያሳሳተው መሣሪያዬ ነው፣ ይመኙሽ ንጹሕ ነች፣ ልጆች ሞተዋል አልኩ። ጮኼ ነበር የተናገርኩት። ከቁጣ ነው።

 ከዚያ አላምረው ተነሣ።

«ጓድ ወልደኢየሱስ ራሱን ሳይቆጥብ ያቀረበው ግለ ሂስ ለሁላችንም አርአያ ነው።»

አጨበጨቡ። እውነቴን ነው። አጨበጨቡ። ቃለ ጉባኤ ያዡ ሲያነብ ሰማሁ፦ «ጓድ ወልደኢየሱስ የቴክኒክ ዕውቀቱን ይበልጥ ለማሳደግ ቃል ገባ።» ቀጥሎ ስለ ዛፍ ተከላ ተወያየን።

ዘበኛው በር ላይ ትከሻዬን መታ አድርጎ «ዛሬስ አበዛኸው፤ እኛ ነገ ምን ልንል ነው?» አለኝ።

ህዳር 22

ሳጥኑን ነቅዬ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ጋሪ ላይ ጭኜ መርማሪው ዘንድ ሄድኩ። የመቶ አለቃ ነው፤ ወጣት ነው፤ ምላጭ የቆረጠው አገጭ አለው። ይመኙሽን እንድጠራልህ ትፈልጋለህ ወይ አለኝ። አልፈልግም አልኩ። ዓይኗን ማየት አልፈለግሁም።

ግድግዳው ላይ ሶኬት ነበር። ሰካሁት። የመስተዋት ቴርሞሜትሩን ከመለኪያዬ ጋር አሰርኩ። ሁለቱም «20» አሉ።

«አሁን እዩ» አልኩ። ዜነሩን በሁለት ጣቴ ያዝኩት። ቁጥሩ ሃያ። አሥራ ዘጠኝ። አሥራ ስምንት። ቴርሞሜትሩ ሃያ ላይ እንደቆመ ነው። ለቀቅሁት፤ ቀስ እያለ ተመለሰ።

ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። አራተኛውን ራሱ ያዘው። እንደ ሕፃን ገረመው። ከዚያ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠና ፊቱ ተለወጠ።

«በሁለት ጣት ቁጥሩን ታወርደዋለህ።»

«ጣት አይደለም። ሙቀት ነው።»

«ገብቶኛል። ቁጥሩ እንዲወርድ የሚያደርገውን ነገር ታውቅ ነበር?»

ይህን አልጠበቅሁም። ሰውየው ደደብ እንዳይሆን ስመኝ ሰንብቼ፣ አሁን ደደብ ቢሆን ተመኘሁ።

«መጽሐፍ ላይ አንብቤአለሁ።»

«መቼ?»

«ጳጉሜ ላይ።»

«ከመግጠምህ በፊት።»

«በፊት።»

ጻፈ። ቀስ ብሎ ነው የሚጽፈው። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ኃላፊህ ነው ያጣደፈህ? ትእዛዝ ነበር? ካለ አሁን ተናገር፤ በአንተ ብቻ እንዳይወድቅ» አለ።

ትእዛዝ ነበር። ጥድፊያ ነበር። ስሙ ከስሜ በላይ ተጽፏል። አላምረው፣ «አላገባችም» ያለኝ አላምረው፣ አፌ ውስጥ ነበር። ብናገረው ሐሰት አይሆንም። ግን ባትሪዋ ፒያሳ ውስጥ፣ ከወርክሾፔ የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ እንደነበረች አላምረው አያውቅም። የማውቀው እኔ ነኝ።

«መሣሪያውን በበዓሉ አቅርብ ብሎኛል» አልኩ። «ዜነሩን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሳላሞቅ የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

ጻፈ። ፈረምኩ። ስፈርም ተናደድኩ፤ አሁንም ተናድጃለሁ። አላምረው ዛሬ ማታ ራቱን በልቶ ተኝቷል።

«ለሰጠኝ ማን ይንገረው?» አልኩት ስወጣ።

«ሰጠኝ ማነው?»

ከመጀመሪያ ጀምሬ ነገርኩት። ይህንንም ጻፈ። በዚያ ዘመቻ የተወጉት ሁሉ እንደገና መወጋት እንዳለባቸው በወረቀት እንዲወጣ ለመንኩት። ያ የጤና ጉዳይ ነው፣ የእሱ አይደለም አለ። ለምኜ፣ ለምኜ፣ አንድ መስመር አስገባ። መስመሩን አነበብኩት። ደባት የሚለውን «ደባርቅ» ብሎ ጽፎት ነበር፤ አስተካከልኩት።

ህዳር 25

ይመኙሽ ትናንት ተፈታች።

በእኛ በር አልፋ ነው የሄደችው። እኔ ውስጥ ነበርኩ፤ እታገኘሁ አጥሩ ላይ ቆማ አየቻት። «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» አለቻት። ይመኙሽ አንገቷን ደፍታ ሰላምታዋን ተቀበለች፤ አልቆመችም። እታገኘሁ ማታ ምግብ ላከችላት። ሳህኑ ሳይከፈት ተመለሰ።

«ምን ታድርግ?» አለች እታገኘሁ ሳህኑን እያነሣች። «እኔም ብሆን አልበላውም ነበር።»

ዛሬ ጠዋት የመቶ አለቃው መልእክተኛ መጣ። ሰኞ በሦስት ሰዓት እንድቀርብ። ወረቀቱን ፈረምኩለት። መልእክተኛው ትንሽ ቆመና፣ «ብርድ ልብስ ይያዙ፤ እዚያ ብርድ ነው» አለኝ። ደግ ሰው ነው።

ለእታገኘሁ ነገርኳት። ብዙ ትናገራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ቁምሳጥኑን ከፈተች።

«የትኛውን?» አለች።

«ወፍራሙን።»